ዱላው ሲመለስ ዳኛውም ይመለስ

ያረጀ የፍልሚያ ጥበብን ከተኛበት የሚቀሰቅስ ሰው ምኑን ነው የሚቀሰቅሰው? ምቱን ነው ወይስ የምቱን ወሰን? በዚህ ጽሑፍ የምናነሳው ጥያቄ ይኸው ነው። ኑሮ በከበደበት፣ ሥራ በጠፋበት ጊዜ ስለ ገናና ስለ ጉግስ ማውራት ቅንጦት ነው የሚለን አንባቢ አይጠፋም። እኛ ግን እንደዚያ አናስብም። ጥያቄው በመሠረቱ ስለ ጉልበት ነውና። ጉልበት የሌለው ወጣት የለም። ታዲያ ጉልበቱን የት እንደሚያውለው፣ የትስ ላይ እንደሚያቆመው የሚያስተምረው ማነው? ይህን መጠየቅ ደግሞ ከማንም በፊት የእኛ የወጣቶቹ ግዴታ ነው።

እስቲ ከቅርባችን እንጀምር። ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ የሚወስደው መንገድ ሆለታን፣ ጊንጪን፣ አምቦን፣ ጉደርን፣ ጌዶንና ኢጃጂን አልፎ በ250 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ባኮ ይደርሳል። በዚህ መንገድ ዳር ባሉ ከተሞች ነጭ ልብስ ለብሰው፣ መቀነት ታጥቀው ቴኳንዶ የሚማሩ ልጆችን ማየት የተለመደ ሆኗል። «ሐና፣ ዱል፣ ሴት» እያሉ በኮሪያ ቋንቋ ይቆጥራሉ። ለአሠልጣኛቸው ጎንበስ ብለው እጅ ይነሳሉ። መልካም ነው፤ ሥርዓት መማር ከየትም ይምጣ ከየት አይጠላም። ግን ይኸው ልጅ አያቱ በፈረስ ላይ ሆኖ ጋሻውን ወደ ጀርባው እንዴት ያዞር እንደነበር አያውቅም። ጠይቆም አያውቅ ይሆናል። አያትየውም «ይሄ ደግሞ ምን ይሠራልሃል?» ብሎ ዝም ይላል።

ጉግስን ላላየ እንዲህ ነው። ፈረሰኞች በሁለት ወገን ይሰለፋሉ። አንዱ ወገን ሜዳውን ሰንጥቆ ይጋልባል፤ ሌላው ይከተላል። አሳዳጁ ዘንግ ይወረውራል፤ ተሳዳጁ ጋሻውን ወደ ኋላ አዙሮ ይመክታል፣ ወይም በፈረሱ አንገት ላይ ተለጥፎ ያሳልፋል። ከዚያ ተራው ይገለበጣል፤ አሳዳጅ የነበረው ተሳዳጅ ይሆናል። ለበዓል ጨዋታ ነው፤ ግን የጦር ሜዳ ትምህርትም ነበር። በሜጫ ምድር ደጋ ደጋውን፣ በአምቦና በጌዶ በኩል፣ ፈረስና ሰው አብረው ያደጉ ናቸው። ወደ ባኮና ወደ ጊቤ ቆላ ስንወርድ ነገሩ ይለወጣል። የቆላ ዝንብ የምታመጣው ገንዲ ከብቱንም ፈረሱንም ስለምትጎዳ የፈረሰኛው ዓለም ወደ ደጋው ያዘነብላል። ለገና ግን ፈረስ አያስፈልግም። ጫፉ የቆለመመ ዱላና ጥንግ ይበቃል። ኦሮሞው ቂሌ ይለዋል፣ አማራው ገና ይለዋል፤ ሜዳው አንድ ነው። ለትግል ደግሞ ዱላውም ቀርቶ ሁለት ሰውና ሣር ይበቃል።

እነዚህ ሁሉ ከውጭ ሲታዩ መማታት፣ መጣልና መወርወር ናቸው። ቀረብ ብሎ ላያቸው ግን እያንዳንዳቸው ውስጥ አንድ «ተው» የሚል ሕግ አለ። በገና ሜዳ ጌታ እንዳይቆጣ ተረቱ ራሱ ያስጠነቅቃል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዓመቱን ሙሉ እጅ የሚነሳው ጭሰኛ በዚያች ዕለት የባላባቱን ቅልጥም በዱላ ቢያገኘው ባላባቱ ችሎ ይኖራል ማለት ነው። ወደ ደቡብ ወርደን የሱሪንና የሙርሲን የዱላ ግጥሚያ ብናይም ይኸው ነው። ዱላው ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ ምቱ ደም ያፈሳል። ሆኖም መሐል የሚገባ ዳኛ አለ፤ የወደቀ አይመታም፤ ሰው መግደል ክልክል ነው፤ የገደለ ከነቤተሰቡ ካሣ ይከፍላል። እንግዲህ ዱላው ከዳኛው፣ ምቱም ከካሣው ተለይቶ አያውቅም።

በፈረስ ስምም ቢሆን ብዙ ትምህርት አለ። የጥንት የጦር ሰዎች የሚጠሩት በፈረሳቸው ስም ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ከጨቦ የተነሱት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ደግሞ አባ መላ ይባሉ ነበር። ልብ በሉ፤ በጦር ሚኒስትርነት ከአገሪቱ ኃያላን አንዱ የነበሩት ሰው የተጠሩበት ስም «መላ» ነው። አንዱ ስም ዳኝነትን ይጠራል፣ ሌላው ብልሃትን። አባቶቻችን ፈረስ ላይ የወጣ ሰው ከክንዱ ሌላ ምን እንዲኖረው ይመኙ እንደነበር ከዚህ መገመት አይከብድም።

ከፍልስፍና ትምህርታችን አንድ ነገር እንዋስ። አርስጣጣሊስ ጀግንነትን ያስቀመጠው በሁለት ጥፋቶች መሐል ነው፤ በአንድ ወገን ፍርሃት፣ በሌላው ወገን ዐይነ ስውር ድፍረት። ደግሞም መልካም ጠባይ በስብከት ሳይሆን በመሥራት ይገኛል ይላል። በገና እንደርዳሪ የሚኮነው በገና በመደርደር እንደሆነ ሁሉ ጀግና የሚኮነውም የጀግንነት ሥራ እየሠሩ በመልመድ ነው። ይህን ወደ ሜዳችን እናምጣው። ዱላ ያልያዘ ሰው «ታገሠ» አይባልም፤ ምን ነበረውና ይታገሣል? ትዕግሥት ትርጉም የሚኖረው ክንዱ ተነስቶ፣ ባላጋራው ከፊት ወድቆ፣ ደሙ ፈልቶ ሳለ እጅ ሲሰበሰብ ነው። ይህም በአንድ ቀን አይመጣም። በልጅነት በሣር ላይ ጥሎ ማንሳትን፣ በወጣትነት መቶ ይቅርታ መጠየቅን ያልለመደ ሰው በሃያ አምስት ዓመቱ እውነተኛ ጠብ ሲገጥመው ከየት ያመጣዋል? እንግዲህ ሜዳው ትምህርት ቤት ነበር ስንል ምት የሚቆምበትን ቦታ ያስተምር ነበር ማለታችን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጓደኛችን እጁን አውጥቶ «የድሮውን ዘመን አታስጊጡት!» ቢለን እውነት አለው። ጉግስ የፈረስ ጌታ ጨዋታ ነበር። ጋሻ ተሸካሚው ድሃ ልጅ አቧራውን ሲውጥ ይውላል። የባላባቱ አንድ ቀን አለመቆጣት ዓመቱን ሙሉ የሚበላውን እርቦና ሲሶ አላስቀረም። በገና ሜዳ እግር ተሰብሯል፣ ዐይን ጠፍቷል፤ ከጨዋታ የተነሳ ቂምም ነበረ። ይህን መካድ አንችልም፤ አንፈልግምም። ነገር ግን ጥያቄው ድሮ ጥፋት አልነበረም ወይ አይደለም። ጥፋት ሲመጣ ምን ይደረግ ነበር ነው። በኦሮሞ ዘንድ ጉማ አለ። ደም ሲፈስ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፤ ገዳይና ሟች ወገን እንዲራራቁ ይደረጋል፤ ካሣ ይቆረጣል፤ በመጨረሻም ሁለቱ ወገኖች በሥርዓት ይታረቃሉ። ይህ ጃርሱማ፣ ይህ ሽምግልና ከሜዳው ጀርባ ስለቆመ ነው ጨዋታው ጨዋታ ሆኖ የሚቆየው። ከጀርባው ያለው ሲወድቅ ያው ዱላ የወንበዴ መሣሪያ ይሆናል።

የሌላውንም አገር እንይ። በሩሲያ ገበሬው በበዓል ቀን፣ በተለይ ከዐቢይ ጾም በፊት ባለው ሳምንት፣ መንደር ከመንደር ግድግዳ ሠርቶ በቡጢ ይጋጠም ነበር። ደንቡም በአጭሩ የወደቀ አይመታም የሚል ነው። ልክ እንደ ሱሪው! እ.ኤ.አ. በ1726 ንግሥት ካትሪን ቀዳማዊት የቡጢ ግጥሚያ በፈቃድ እንዲሆንና የወደቀ እንዳይመታ አዋጅ አወጣች። እ.ኤ.አ. በ1832 በኒኮላይ ቀዳማዊ ዘመን ጎጂ ጨዋታ ተብሎ በሕግ ተከለከለ። ይሁንና ክልከላው ወዲያው አላጠፋውም፤ ገበሬው በየመንደሩ ሲጫወተው ቆየ። እየተመናመነ ሄዶ ከረሳው በኋላ ደግሞ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ እናስነሳው የሚሉ ሰዎች ተነሱ። ክበብ ከፈቱ፣ ስም አወጡ፣ የጥንት ስላቭ ጦረኞች ልብስ አሰፉ። ከመሐላቸው ሽማግሌዎችን እየዞሩ የጠየቁና በትጋት ያጠኑ አሉ። ከጁዶ፣ ከቦክስና ከወታደር ሥልጠና ያገኙትን ሰፍተው «የሺህ ዓመት ምስጢር» ያሉትም አሉ።

ሳምቦ የተባለው የሩሲያ ትግል ታሪክ ደግሞ የበለጠ ያስተምራል። በሶቪየት መንግሥት ይፋ ስፖርት የሆነው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። ከፈጣሪዎቹ አንዱ ቫሲሊ ኦሽቼፕኮቭ ጃፓን ውስጥ በካኖ ጂጎሮ ትምህርት ቤት በኮዶካን ጁዶ የተማረ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1937 ታሰረና እስር ቤት ውስጥ ሞተ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ስሙ ተደበቀ፤ ሳምቦም ከሶቪየት ሕዝቦች ባህላዊ ትግሎች ብቻ የተወለደ ተደርጎ ተተረከ። ልጆቻችን የሚማሩት ቴኳንዶም ቢሆን ስሙ የወጣለት እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። ከመሥራቾቹ ብዙዎቹ ካራቴ የተማሩ ነበሩ፤ ይሁንና የሺህ ዓመታት ዕድሜ የሚሰጡት ጥቂት አይደሉም። እንግዲህ መነቃቃት በሄደበት ሁሉ አንድ ፈተና ይከተለዋል። አዲሱን ነገር አሮጌ ለማስመሰል መዋሸት ነው ፈተናው።

ታዲያ አዲስ የተጨመረበት ሁሉ ሐሰት ነው ማለታችን ነው? አይደለም። ለዚህ መልስ ባኮ ራሷ ትበቃናለች። የባኮ የግብርና ምርምር ማዕከል የሚታወቀው በበቆሎ ነው። ቢኤች የሚባሉት ዝርያዎች ስማቸው «ባኮ ሃይብሪድ» ማለት ነው፤ ቢኤች 660 እ.ኤ.አ. በ1993 ለገበሬ ተለቀቀ። በቆሎ ከነዘር ማንዘሩ ከአሜሪካ የመጣ እህል ነው። ግን የባኮን ገበሬ «ይህ እህል የአንተ አይደለም» ብሎ ፊቱ የሚቆም ማነው? ገበሬው ዘሩን የሚጠይቀው «ስንት ዓመትህ ነው?» ብሎ አይደለም። «በእኔ መሬት ላይ ምን ትሰጣለህ?» ብሎ ነው። ደግሞም ሃይብሪዱ አዲስ መሆኑን ማንም አልደበቀም። የተነቃቃ ባህልንም በዚሁ ሚዛን ልንመዝነው ይገባል። አንደኛ፣ ስለ አመጣጡ አይዋሽ። ሁለተኛ፣ በሚዘራበት ኅብረተሰብ ውስጥ ፍሬ ይስጥ። የፍልሚያ ጥበብ ፍሬው ምንድነው ከተባለ ጉልበቱን የሚገዛ ሰው ነው እንላለን።

በዚህ ሚዛን የአገራችንን ሁኔታ እንመርምር። የኢትዮጵያ ባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ትግልን፣ ገናን፣ ፈረስ ጉግስን፣ ፈረስ ሸርጥን፣ ቀስትን፣ ገበጣንና ሌሎችንም ደንብ አውጥቶላቸው የክልሎችን ቡድኖች ያወዳድራል። ይህ ሥራ ምስጋና ይገባዋል። ደንብ ባይጻፍ ኖሮ ብዙው ጨዋታ ከሽማግሌዎቹ ጋር ይቀበር ነበር። የሜዳ ልክ፣ ሰዓት፣ ነጥብና ዳኛ መኖሩም ራሱ ወሰን ነው፤ ተጫዋቹንም ከጉዳት ይጠብቀዋል።

ሆኖም አንድ ቅራኔ አለ፤ የቅርጽና የይዘት ቅራኔ። የመንደሩ ሜዳ ላይ የሚገናኙት ሁለቱ ልጆች በማግስቱ እዚያው ገበያ ይገናኛሉ፣ እዚያው ወፍጮ ቤት ይሰለፋሉ፤ የአንዱ እህት ለሌላው ትዳር ትሆን ይሆናል። ስለዚህ ምቱን የሚመጥኑት ነገ ስለሚያዩት ፊት ብለው ነው። የሚዳኛቸውም ሰው ዝም ብሎ ፊሽካ የሚነፋ አይደለም። አባታቸውን ያውቃል፣ ቂማቸውን ያውቃል፣ ማን ቶሎ እንደሚቆጣ ያውቃል። በስታዲየም ግን ተጫዋቹ ሜዳሊያውን ተቀብሎ በአውቶቡስ ይመለሳል። ዳኛው ነጥብ ይቆጥራል፤ ልብ አይቆጥርም። ይህን ስንል ፌዴሬሽኑን ለመውቀስ አይደለም፤ የስታዲየም ጠባይ ስለሆነ ነው። ጥፋቱ የሚመጣው እኛ ሜዳሊያው ስለተሰጠ ባህሉ ተመልሷል ብለን እጃችንን አጣጥፈን ስንቀመጥ ነው። ያን ጊዜ ቅርጹ ይመጣል፣ ይዘቱ ደጅ ይቀራል።

ሌላ መንገድ እንዳለ የአገው ፈረሰኞች ያሳዩናል። ማኅበራቸው የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም ነው፤ ዓመታዊ በዓላቸውንም ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ያከብራሉ። በዓሉ የዓድዋን ዘማቾችና ፈረሶቻቸውን ያስባል። እኛን የሚስበን ግን ጉግሱና ሽምጡ ብቻ አይደለም። ነገሩ ማኅበር መሆኑ ነው። ፈረሰኛው አባል ነው፤ አባል ደግሞ ግዴታ አለበት፤ ይተዋወቃል፣ ይጠያየቃል። ያለ ማኅበር ፈረሰኛ ብቻውን ፈጣን ሰው ነው፤ በማኅበር ያለ ፈረሰኛ ግን ተጠያቂ ሰው ነው። ዘመን ተለዋውጦ፣ መንግሥት ተለዋውጦ እስከዛሬ የዘለቁበት ምስጢርም ይኸው ይመስለናል።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። እኛ የምዕራብ ሸዋ ልጆች በምን ዘመን እንዳደግን ለማንም አይሰወርም። በ2006 ዓ.ም በአምቦ፣ በ2008 ዓ.ም በጊንጪ ተማሪዎችና ወጣቶች አደባባይ ሲወጡ ታላላቆቻችን እዚያ ነበሩ፤ ሕይወታቸውን ያጡም አሉ። ከዚያም ወዲህ በአካባቢያችን የጥይት ድምፅ እንግዳ አልሆነብንም። ስለዚህ ስለ ዱላ ስናወራ ከጠመንጃ ጋር እያነጻጸርን ነው። ዱላ ሲነሳ ፊት ለፊት ነው፤ የምትመታውን ሰው ዐይን ታያለህ፤ ሲወድቅ ታያለህ፤ «በቃ» የሚል ድምፅ ይደርስሃል። ጥይት ግን «በቃ» አይሰማም። ከተተኮሰ በኋላ ዳኛ የለውም፤ የወደቀውንም ካልወደቀው አይለይም። በሣር ላይ መቶ መታገሥን ያልተማረ ትውልድ እጁ ላይ ጠመንጃ ሲገባ ምን ይሆናል? ይህን የምንጠይቀው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። በየቤታችን ለቅሶ ስለተቀመጥን ነው።

«ታዲያ ድብድብ በማስተማር ነው ሰላም የምታመጡት?» የሚል ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሳችን፣ ድብድብ ብቻውን አያመጣም የሚል ነው። ምት ያለ ወሰን ካስተማርን እሳት ላይ ጭድ መጨመር ይሆናል። ስለዚህ ነው ዱላው ሲመለስ ዳኛውም ይመለስ የምንለው። እዚህ ላይ ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀንን አንድ ዱላ ማስታወስ አለብን። ሲንቄን ነው። በኦሮሞ ባህል፣ ዛሬም በተለይ በአርሲና በጉጂ ጎልቶ እንደሚታየው፣ እናት ለልጇ በሠርጓ ቀን ቀጭን በትር ትሰጣታለች። በትሯ ሰው አትመታም፤ ለዚያም አልተሠራችም። ነገር ግን ወንዶች ተፋጠው ሳለ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው መሐል ከገቡ ያን ተራምዶ መማታት ትልቅ ነውር ነው፤ ጠቡ ይቆማል። አስቡት እንግዲህ! ሜዳው ላይ ካሉት ዱላዎች ሁሉ ብርቱው የማይመታው ነው። የዓለም የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት፣ ዩኔስኮ፣ የገዳን ሥርዓት በኅዳር 2009 ዓ.ም በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ደስ ብሎናል፤ ግን መዝገቡ ሲንቄን መሐል አያስገባም። መሐል የሚያስገባት ሰው ነው።

ስለዚህ በባኮና በመንገዱ ዳር ባሉት ከተሞች ገናም ሆነ ትግል፣ ፈረስ የሚገኝበት ደግሞ ጉግስ፣ እንደገና ይጀመር የምንል ሰዎች የሚከተለውን ቃል እንድንገባ እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ከሽማግሌዎች እግር ሥር ተቀምጠን አመታቱን ከመጠየቃችን በፊት «መቼ ነው የሚቆመው? የተጎዳ ሲኖርስ ምን ይደረግ ነበር?» ብለን እንጠይቅ፤ የሚሉንንም በኦሮምኛም በአማርኛም እንጻፈው። ሁለተኛ፣ ጨዋታ ያለ አስታራቂ አይጀመር፤ ከጨዋታ በኋላ ሁለቱ ወገኖች ከአንድ ገበታ ሳይቀምሱ አይለያዩ። ሦስተኛ፣ ሴቶች ተመልካች ብቻ ሆነው አይቅሩ፤ የማስቆም ሥልጣናቸው በሜዳው ላይ ይታወቅ፤ መጫወት የምትፈልግም ትጫወት። አራተኛ፣ የባላባቱ ዘመን ትዝታ አብሮ አይመለስ፤ ፈረስ የሌለው ልጅ በተውሶ ፈረስ ይጋልብ። አምስተኛ፣ የጨመርነውን «ጨመርን»፣ ያልቻልነውን «ጠፍቷል» እንበል እንጂ አያቶቻችን ያልሠሩትን ሠሩ አንበል።

ቴኳንዶ የሚማረውም ልጅ ይማር። ለኮሪያዊው መምህር መምህር ጎንበስ ማለትን የለመደ ጀርባ ለጃርሳም ጎንበስ ማለት አይከብደውም። የምንፈልገው ከትምህርቱ ሲወጣ የሰፈሩ ሽማግሌ ጠርቶት «ና እስቲ፣ የእኛንም እይ» የሚልበት ሜዳ እንዲኖር ነው። ሜዳው ደግሞ በሥራ እንጂ በምኞት አይገኝም። ከተማው እየሰፋ ነው፤ ግጦሹ በቆርቆሮ እየታጠረ ነው፤ ሽማግሌዎቹም አንድ በአንድ እየተሰናበቱን ነው። ቂሌ የሚጫወትበት ሣር ካለቀ በኋላ፣ «ተው» የሚለው ድምፅ ካረፈ በኋላ፣ ዱላውን ከየትም ቆርጦ ማምጣት ይቻላል፤ ለመምታት የሚሆን እንጨት በአገራችን ጠፍቶ አያውቅምና።